የሌለ ሰው ተራ

ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለኸው ለእህቴ ልጅ፣ ለቅብጥብጡ፤

ሰላምህ ይብዛ፣ ጤናህ ይጽና። እንቅልፍህን፣ ሥራህን፣ የምትበላውን ሁሉ እጠይቃለሁ። እኛ ተመስገን ነው። አክስትህ እንደ ልማዷ ከወፍ በፊት ተነሥታ «እስካሁን ተኝተሃል?» እያለች ትቆጣኛለች፤ ጉልበቴ ደግሞ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ሌላ ሕመም የለብንም።

ደብዳቤ መጻፌን አትታዘበኝ። በስልክ ስናወራ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማናል፤ የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ያልከኝን እንኳ በማግሥቱ ከጎረቤት ጠይቄ ነው የተረዳሁት።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዝናቡ ዘንድሮም ቀድሞን ሄደ። ወንዙን ብታየው አታውቀውም፤ አንተ ልዝለለው ብለህ ሁልጊዜ መሃሉ ላይ የምትወድቅበትን ቦታ ዛሬ ልጆች ጫማቸውን ሳያወልቁ ይሻገሩታል። ወንዙ ሲያንስ ቦዩ ያንሳል፣ ቦዩ ሲያንስ የእኔ ጠላት ይበዛል። የውሃ ዳኛ ሆኖ የቦዩን ተራ ማደል ድሮ ክብር ነበር። አሁን ገበያ ስወጣ ሰላም ከሚለኝ ፊቱን የሚያዞርብኝ ይበልጣል።

ብርቱካንህ ደህና ነው። ሁለት መቶውም እግር ቆሟል። ማሳህ የቦዩ ራስ ላይ ስለሆነ ከማንም በፊት ይጠጣል፤ የሳምንት ሁለት ቀን ተራህ ሳይሸራረፍ ይደርሰዋል። ሕጉን ታውቃለህ። እዚህ ያለ ሰው ተራው ቢቀነስበት ቦዩ የሚከፈትበት የውሃው በር ላይ መጥቶ ይሟገታል። የሌለ ሰው ግን የሚሟገትለት ስለሌለ ተራው አይነካም፤ ራሱ በእጁ ጽፎ ካልተወው ወይም ሞቱ ካልተሰማ በቀር። አባቶቻችን ይህን ያወጡት ለንግድ የሄደ ሰው ሲመለስ ማሳው ደርቆ እንዳይጠብቀው ብለው ነው። በእነሱ ጊዜ የሌለ ሰው ቢበዛ አንድ ሁለት ነበር። አሁን ከቦዩ ራስ ጀምረህ ብትቆጥር ከባለቤቶቹ እኩሌታው እንዳንተ ባሕር ማዶ ነው ያለው።

አዲስ የመጣችው የግብርና ባለሙያ፣ ቀጭን ልጅ ናት ግን ድምፅዋ ለእኔም ይሰማል፣ ሰዉን ሰብስባ «በቆሎና ሽንኩርት ከእንግዲህ አያዋጣችሁም፣ ውሃ ይጨርሱባችኋል፤ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ ዝሩ፣ ሁለት ጊዜ ከጠጣ ይደርሳል» አለች። የቦዩ ጅራት ላይ ያሉት፣ የአዋላጇ ሰፈር ሰዎች፣ «ሁለቱ ጊዜስ ከየት ይመጣል?» አሏት።

እናም አንድ ነገር አሰብኩ። የጓሮው ጉድጓድ ላይ የውሃ ፓምፕ ብናስገባ ብርቱካኑ ከጉድጓድ ይጠጣ ነበር፤ ቦዩም ትንሽ ይተነፍሳል። አቅምህ ከቻለ ብቻ ነው። ካልቻለ እንዳልጻፍኩት ቁጠረው።

ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ።

አጎትህ

ኅዳር 4 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፤

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎን ከዳገት ጋር ያስታርቅልኝ። አክስቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቤት እስክገባ ትዕግሥት አጥቼ ደረጃ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። ጎረቤቴ አናጺው «ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ብርቱካን ነው» አልኩት።

የፓምፑን ገንዘብ በሐዋላ ልኬያለሁ፣ ዛሬውኑ ይውሰዱት። ርካሹን እንዳይገዙ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለዎት ጥለውት ይውጡ። አጥሩንም ያሳዩልኝ፤ በታችኛው በኩል ያለው ሽቦ ላልቶ ነበር። የደረቀውን ቅርንጫፍ ያስቆርጡልኝ። መሬት የወደቀ ፍሬ እንዳያድር፣ ትል ያመጣል። ደግሞም ግንዱን ኖራ ያስቀቡልኝ። ደግሞም የዘንድሮው አበባ ካምናው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ይህን መጻፍ እንዳይረሱ።

እዚህ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀረኝ። እመጣለሁ፣ ከማሳው ጎን የጭማቂ ቤት እከፍታለሁ፣ እርስዎ በር ላይ ወንበር አውጥተው እየተቀመጡ ደንበኛ ያስፈራራሉ። አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳልወድ ፈገግ ስል ሰው ቦታ ይቀይራል።

እኔ የምሠራበት እርሻ ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት ነው። ቲማቲሙ አፈር የሚባል ነገር አያውቅም። ሥሩ ጥጥ በመሰለ ነገር ላይ ተቀምጦ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ሲልለት ይውላል፤ የተረፈው ውሃ እንኳ ተሰብስቦ ይመለሳል። አለቃችን አንድ ባልዲ ውሃ ሲደፋ ካየ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። እንደ እርስዎ ነው፤ ብትተዋወቁ ትዋደዱ ነበር።

ሥራ ጥሩ ነው። አሁን አሁን እንዲያውም ዕረፍት ያበዙልናል።

ሰላሙን ያብዛልን።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 21 ቀን

ይድረስ ለቅብጥብጡ ልጄ፤

በያለህበት ጥላ ከለላ ይሁንህ። ለመልሱ ዘገየሁ፤ መልካም ነገር ልጽፍልህ ስጠብቅ ነው።

ፓምፑ ተገዛ። ውዱን ነው የገዛሁት፣ ሻጩም «ሁሉም አንድ ነው» አላለም። የተተከለ ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አየው። ሳምንት ያህል እንደ ጎረምሳ ሲሠራ ቆይቶ ከዚያ ሳል ያዘው፤ ውሃ ሲባል አሸዋ ይተፋል። የጉድጓድ ቆፋሪው ወርዶ አየና «ውሃው ሸሽቷል፣ ብትከተሉትም አታገኙትም» ብሎን ሄደ። አሁን ፓምፑ ጎተራ ውስጥ ነው ያለው። አክስትህ ዶሮዎች እንዳያርፉበት አሮጌ ቀሚሷን አልብሳዋለች።

ብርቱካኑ ስለዚህ ከቦዩ እንደጠጣ ነው። አበባው ካምናው ይበልጣል። አጥሩ ተጠብቋል፣ ኖራውም ተቀብቷል።

ያ ጠብ ጠብ የሚል ቱቦ ለሁለት መቶ እግር ይበቃ ይሆን? ባለሙያዋን ጠይቄያት ነበር። «ለትልልቅ ዛፍ ቢገባም ለዘንድሮ አይደርስም፣ የዛፉ ሥር ሌላ ነገር ለምዷል» አለችኝ። እንግዲህ አንተ የተሻለ ታውቅ እንደሆነ።

የጅራት ሰፈር ስንዴ አልያዘም። ሰሞኑን ተሰብስበው የውሃው በር ላይ መጡ። ይጮኻሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብለው ውሃው ወደ አንተ ማሳ ሲገባ ያዩ ጀመር። አዋላጇ ናት የጀመረችው። «ዳኛ፣ ይህ ውሃ የሚሄደው ለማን ነው?» አለችኝ። «ለእህቴ ልጅ» አልኩ። «የት ነው ያለው?» አለች፤ እያወቀች ነው። «ባሕር ማዶ» አልኩ። «ታዲያ እዚያ ውሃ የለም?» አለች። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያቺ ሴት አንተን ገና ሳትታጠብ በእጇ የተቀበለች ናት፤ አሁን የልጅ ልጆቿ ከቤት ቤት እየዞሩ ነው የሚበሉት።

አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ትላት ነበር? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አምላክ ይጠብቅህ።

አጎትህ

ጥር 5 ቀን

ለአጎቴ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል» የምትለዋን ነገር አውቃታለሁ። ልጅ ሳለሁ እንዲያው ለማወቅ ያህል ብለው የጠየቁኝ ነገር ሁሉ መጨረሻው ልምጭ ነበር። ስለዚህ ዳር ዳር አይበሉብኝ፤ ሳይጠይቁኝ ልመልስልዎት። ተራዬን አልተውም።

ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይምሰልዎት። ግን እርስዎ ያሳደጉኝ ሰው ነዎት፤ ያንን ማሳ ከእናቴ ተቀብዬ ድንጋዩን ስለቅም ከጎኔ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሣጥን ተሸክሜያለሁ። ችግኙን የገዛሁት ልብስ ሳልቀይር፣ ከሰው ጋር ሻይ ሳልጠጣ ነው። እዚህ እኔን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ነው የሚጠሩት። ማታ ወደ ክፍሌ ስመለስ «ቢሆንም አገሬ ላይ ሁለት መቶ እግር ብርቱካን አለኝ» እላለሁ። ያንን ከወሰዱብኝ ምን ልል ነው? ወደ ምንድን ነው የምመለሰው?

አዋላጇን ይንገሩልኝ፦ አዎ፣ እዚህ ውሃ አለ፤ የእኔ ግን አይደለም።

ለምን ሁልጊዜ የሌለ ሰው ይታያቸዋል? ቦዩ የሚያፈስበትን ይድፈኑ። ሽንኩርት የሚተክሉትን ያስቁሙ። ሕጉ እኮ የተሠራው ልክ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ለመከላከል ነው። እርስዎ ደግሞ ዳኛው ነዎት፣ አደራዬ እርስዎ ጋ ነው።

የብርቱካኑን ፎቶግራፍ ይላኩልኝ። ሰሞኑን ሲደርቅ እያየሁ እባንናለሁ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 19 ቀን

ለልጄ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን።

እንዳልከው ባለ ፎቶ ቤቱን ወስጄ አስነሥቻለሁ፤ ከዚህ ጋር ይድረስህ። መሃል ላይ የቆመችው አክስትህ ናት። የዛፉ ቁመት እንዲታወቅ ብለን ነው እንጂ ፎቶ አምሯት አይደለም። ፍሬው ተንዠርግጓል። አንድ እግር እንኳ አልጠወለገም።

የቱቦውን ነገር ተወው። ከእንግዲህ የምጠይቅህ ነገር የለም፣ ገንዘብም አትላክ። እኛ በጣም ደህና ነን።

አምላክ ካንተ ጋር ይሁን።

አጎትህ

መጋቢት 2 ቀን

አጎቴ፤

ሰላምታውን በልብዎ ይያዙልኝ፣ ዛሬ እጄ ቸኩሏል።

እርስዎ «በጣም» የሚባል ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። መጀመሪያ ብርቱካኑን አየሁ፤ እውነት ነው፣ እንደዚህ አምሮ አያውቅም። ከዚያ አክስቴን አየሁ። የለበሰችው ቀሚስ ሰፍቷት ወገቧ ላይ በገመድ አስራዋለች። ከዚያ ከኋላዋ ያለውን አየሁ። ከአጥሩ ባሻገር የሚታየው ያ ነጭ፣ የተሰነጣጠቀ መሬት የማን ነው? የእርስዎ ማሳ ነው እኮ! እስቲ እንዴት የእርስዎ ማሳ ይነጣል?

የሰፈራችንን ሹፌር ልጅ ፈልጌ ሄድኩ፤ እሱም እዚሁ ከተማ ነው የሚሠራው። ቤቱ ገብቼ ቁርጡን ካልነገርከኝ አልወጣም አልኩት። እየተሽኮረመመ ነገረኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የራስዎን ተራ ለጅራት ሰፈር ትተዋል። አክስቴ በሰው ማሳ አረም ትነቅላለች። በዚህ ዕድሜዋ፣ በሰው ማሳ!

ማን ጠየቀዎት? የራስዎን አድርቀው የእኔን እያለመለሙ ፎቶ ይልኩልኛል? እኔ እዚህ ፎቶውን ትራሴ ሥር አስቀምጬ ስኩራራ፣ ለካ የማየው የእናንተን ጦም ማደር ነው። ልታሳፍሩኝ ነው? ሊያሳፍሩኝ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ከዚህ የባሰ ንዴት ተናድጄ አላውቅም።

እኔም የደበቅሁትን ልንገርዎት፣ ይለይለት። «ዕረፍት ያበዙልናል» ያልኩት ዕረፍት አይደለም። የነዳጅ ዋጋ ስለናረ ከመስታወት ቤቱ እኩሌታውን ማሞቅ አቁመው አጥፍተውታል። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምሠራው። ሲቀንሱ ቀጥሎ የሚቀነሰው እኔ ነኝ። የጭማቂ ቤቱን ያነሣሁት ለቀልድ አልነበረም፤ የቀረኝ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ምን ላድርግ? እውነት ምን ላድርግ?

መጋቢት 22 ቀን

ይድረስ ለማይቀመጠው ልጄ፤

ልብህን ያረጋጋልህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ምሳ ላይ ነበር፤ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ መሶቡ ላይ አኖርኩት። በሦስት ቀን ሥራ ፓምፕ መላክህ አንጀቴን በላው። አንተም ደበቅህ፣ እኔም ደበቅሁ፤ ከአንድ ቤት መውጣታችን ያስታውቃል።

«ልታሳፍሩኝ ነው?» ላልከው፣ አዎ፣ ከፊሉ እሱ ነው። አልዋሽህም። አንድ ቀን ትሰማለህ፣ ትሰማና ይከነክንሃል ብዬ አስቤ ነበር። አስነዋሪ ነገር ነው፤ ዳኛ እንደዚህ ማሰብ አልነበረበትም። የቀረው ከፊል ግን ሌላ ነው። ከሰው ላይ ልቀንስ የምችለው ከራሴ ላይ ጀምሬ ነው። የእኔን ስተው ከአጠገቤ ያሉት ሁለት ቤቶች እኩሌታቸውን ተዉ። ከዚያ በላይ ያለው ማሳ በሙሉ የሌሉ ሰዎች ነው፤ እዚያ ስደርስ እጄ ታሰረ።

ከእንግዲህ ዳር ዳር አልልም። ተራህን እንድትተው እለምንሃለሁ። ብትተው ብርቱካኑ ይሞታል፤ እንዲህ ሆኖ ይተርፋል ብዬ አላባብልህም። ግን ፍሬው እስከዛሬ የሚሄደው የት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ነጋዴ በጭነት መኪና መጥቶ ከተማ ይወስደዋል። ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው አይልጠውም። በዚያው ውሃ፣ ባለሙያዋ በእርምጃ ለክታ አሳይታኛለች፣ የጅራት ሰፈር ማሳ በሙሉ ማሾውን ሁለት ጊዜ ይጠጣል። ዘሩን አምጥታ ቢሮዋ ውስጥ ቆልፋበታለች። እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ካልተዘራ ሙቀቱ አበባውን ያረግፈዋል ብላለች።

ባትተውም አልቀየምህም። ሕጉ ሕግ ነው፤ አንድ ጭልፋ ውሃ ሳይጎድልብህ እጠብቅልሃለሁ። ዳኝነቱን ግን እመልሳለሁ። የነዚያን ልጆች ዓይን እያየሁ በር መዝጋት ከእንግዲህ አልችልበትም። ሌላ ሰው ይዝጋው።

«ወደ ምንድን ነው የምመለሰው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ለአክስትህ አነበብኩላት። «እኛስ?» አለችና ወጣች።

አምላክ ካንተ አይራቅ።

አጎትህ

ሚያዝያ 3 ቀን

ለአጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። የእርስዎን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። መልሱን ጽፌ ቀደድኩ፣ ሌላ ጽፌ ቀደድኩ፣ አናጺው ወረቀቱን እየለቀመ «ምድጃ የለንም እኮ» አለኝ። እንዲዘገይ ስላልፈለግሁ ነገ በሚበር ሰው እጅ ነው የምልከው። በሕጉ መሠረት በውሃው በር ላይ ለሰዉ የሚነበበው ይኸውና፦

«እኔ የውሃ ዳኛው የእህት ልጅ በቦዩ ራስ ያለኝን የሳምንት ሁለት ቀን ተራ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ እጄ ጽፌ ትቻለሁ። ውሃው መጀመሪያ ለአጎቴ ማሳ ይሁን፤ ከእሱ የተረፈው ወደ ጅራት ይውረድ። ከቤቱ ግድግዳ ጎን ያሉትን አራት እግር ብርቱካን ብቻ በእቃ እጣቢ ውሃ እንዲኖሩ ይተዉልኝ።»

በቃ። ይኸው ነው። ጀግና እንዳይሉኝ፣ ሰዉም እንዳያመሰግነኝ፤ ምስጋና ከሰማሁ ሐሳቤን እቀይራለሁ። አሁንም ልቤ አልቆረጠም፤ የጻፈው እጄ ነው።

አራቱን አደራ። የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ከመሄዴ በፊት የተከልናቸው ከእርስዎ ጋር ነው። አክስቴ ከእንግዲህ በሰው ማሳ እንዳትሄድ።

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 28 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

በረከት ይውረድልህ። ዝም በማለቴ እንደተብከነከንክ አውቃለሁ፤ አንድ መልስ ሳትጠብቅ ሦስት ደብዳቤ ጻፍክ። ዝም ያልኩት ማሾው ሲደርስ ልጻፍለት ብዬ ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው፣ ሌላውን ከታች ታገኘዋለህ።

ቃልህ በበሩ ላይ ተነበበ። የራሴን ሰው ጉዳይ ራሴ ማንበብ ስለማይገባኝ ባለሙያዋ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ አዋላጇ «ድገሚልኝ» አለቻት። ተደገመላት። ከዚያ «ለአጎቴ ማሳ ይሁን» የሚለው ጋ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ልጄ፣ ይህን ስትጽፍ ከኛ ሕግ ርቀህ መኖርህ ታወቀብህ። የተተወ ተራ በቀጥታ ወደ ጅራት ነው የሚወርደው፤ ባለቤቱ ለዘመዱ ማደል አይችልም፣ ዳኛ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። እኔው ራሴ ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። አክስትህ ያን ቀን ያየችኝን አስተያየት አልጽፍልህም። እስካሁን ሻዬን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው።

በማግሥቱ ተዘራ። የጅራት ሰፈር ሰው ከትልቅ እስከ ትንሽ ወጥቶ ነው የዘራው። ሁለት ጊዜ ጠጣ፣ ሦስተኛ አልነበረም። እንደተባለውም ደረሰ፤ ዘለላው ጠቁሮ ሲንኮሻኮሽ እኔ ደንቆሮው እንኳ ሰማሁት። ልጆቹ መጀመሪያ «ይህ የርግብ ምግብ ነው» ብለው አኮርፈው ነበር። አሁን ድስት እየፋቁ ይጣላሉ። የሹፌሩ ልጅም ያንተን ሰምቶ ተራውን ትቶ ጽፏል። ሌሎቹ ገና ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም በስልክ ሰድቦኛል፣ ደግነቱ አልሰማሁትም። ለሁሉም አልበቃም። መጨረሻ ላይ ያሉ ጥቂት ቤቶች ውሃው ሳይደርሳቸው ማሳው ጠጥቶ ጨረሰው። የእኔንም ማሳ ምን እንደምዘራበት ገና አላወቅሁም፤ ባለሙያዋ ጉድጓድ ጉድጓድ ቆፍረን የሚዘንበውን እንያዝ ትለኛለች።

አሁን የፈራሁትን ልጻፍ። ሌላው ብርቱካን ሲጠወልግ አራቱ ለምለም ሆነው ቆሙ። ከልክ በላይ ለምለም። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ «የዳኛ ቤት እጣቢ ከሌላው እጣቢ ይለያል» ይላሉ። እኔም እስከ ግንባሬ ተቆጥቼ ተከራከርኩላቸው። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ስወጣ አክስትህን ከቦዩ በባልዲ ስትቀዳ አገኘኋት። ለአንተ ብላ ነው። «ልጁ ሲመጣ የሚያየው ምን አለ?» አለችኝ። የሰረቀችው ከማን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ውሃው ካልደረሳቸው ከነዚያ ቤቶች ነው።

ያን ዕለት መጥረቢያ አምጥቼ አራቱንም ቆረጥኳቸው። ሰው አላዘዝኩም፣ ራሴ ነኝ። ብተዋቸው ኖሮ ያንተ ቃል ውሸት ይመስል ነበር፣ የሚቀጥለውም ሰው አይጽፍም ነበር። ትክክል ነበርኩ ብዬ አስባለሁ። ስቆርጥ ግን አልቅሻለሁ፤ ይህንንም ማንም አላየም።

ተናደድብኝ፣ መብትህ ነው። አክስትህም ተናዳለች፤ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። ቤቱ ጭር ብሏል።

አጎትህ

ሐምሌ 11 ቀን

ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ተናድጃለሁ። ደብዳቤውን አንብቤ ከክፍሌ ወጣሁና ከተማውን ዞርኩት፣ ዞሬ ዞሬ የመስታወት ቤቱ በር ላይ ራሴን አገኘሁት። ከተዘጋ ወር አልፎታል፤ አልጻፍኩልዎትም ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የደረቀው ቲማቲም ከነቱቦው ቆሟል።

አራት እግር ነበር እኮ የለመንኩት። ከሁለት መቶ አራት! አንድ ጊዜ እንኳ ጽፈው ሊጠይቁኝ አይችሉም ነበር? ቢጠይቁኝ አዎ እል ነበር ብዬ ልጽፍ ፈለግሁና አልቻልኩም፣ ምክንያቱም አልልም ነበር። ይህንን ስላወቁ ነው ያልጠየቁኝ። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

ዓሣ ማሸጊያ ውስጥ ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር። አንድ ቀን ሄጄ ተመለስኩ። ከዚህ ሆኜ መናደድ አልሆነልኝም፤ የምቆጣው ግድግዳ ነው፣ ወይ አናጺውን ነው፤ እሱ ምን አደረገኝ? ትኬት ቆርጫለሁ። ይዤ የምመጣው ነገር የለም። አንድ ሻንጣ፣ እሱም እኩሌታው ባዶ ነው። ዝናብ የሚይዙትን የማሳዎን ጉድጓዶች የሚቆፍር ሰው ካልተገኘ እኔ እቆፍራለሁ፤ ስለታረቅኩ ግን እንዳይመስልዎት።

አክስቴን ያናግሯት። እምቢ ካለች ደጋግመው ያናግሯት። ባልዲዋንም አይደብቁባት።

በወሩ መጨረሻ እደርሳለሁ። ማንም ሊቀበለኝ አይውጣ፣ መንገዱን አልረሳሁትም። ቤት ስገባ ከሰላምታ በፊት ጉቶዎቹን ያሳዩኝ። አራቱንም። ከዚያ እንበላለን።

የእህትዎ ልጅ